ስለ ቤት መስኮት አመራረጥ፤ ከአክሱም ሐውልት እስከ ራጉኤል ሠፈር

(በሬዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ቤት ሊሠራ ወይም አሮጌውን ሊያድስ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሠረቱ፥ ስለ ግድግዳውና ስለ ክዳኑ ነው። የበሩንም ነገር ቢሆን ሌባ እንዳይደፍረው በብዙ ይጨነቅበታል። መስኮቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአናጢው ወይም ለብረት ሠራተኛው ፈቃድ ይተወዋል፤ ሠራተኛውም ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው የሠራበትን ልክ ደግሞ ያመጣለታል። በዚህ ዓይነት ብዙ ገንዘብ የወጣበት ቤት በቀን መብራት የሚበራበት፥ በሌሊትም አየር የሚያጥርበት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን መስኮት በአገራችን ከየት ተነሥቶ እንዴት ወደ ከተማችን ቤት እንደ ደረሰ በታሪክ እንመለከታለን፤ ከታሪኩም ለቤታችን የሚስማማውን መስኮት ለመምረጥ የሚረዳ ምክር እናወጣለን።

ለዚህ ጉዳይ በመርካቶ የሚገኘው የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ እጅግ የተመቸ ስፍራ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተነሥቶ በጎረቤት ወዳለው ወደ አንዋር መስጊድ የሚሄድ መንገደኛ ዓይኑን ከሸቀጡ ላይ ጥቂት ከፍ ቢያደርግ የብዙ ዘመን መስኮት በአንድነት ያያል። ገና ያልፈረሱት የጭቃ ቤቶች መስኮታቸው ጠባብ፥ መዝጊያቸውም ጣውላ ነው። ከእነዚያ ቀጥለው የተሠሩት የብሎኬት ቤቶች የብረት ክፈፍና የብረት ፍርግርግ አላቸው። ከሁሉም በላይ ቆመው የሚታዩት አዳዲሶቹ ባለ ብዙ ፎቅ የንግድ ሕንፃዎች ደግሞ ፊታቸው በሙሉ መስታወት ነው። ሦስቱም በአንድ ጎዳና ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይታያሉ። እያንዳንዱም የተሠራበትን ዘመን አሳብና ችግር ይናገራል።

መስኮት የሚለው ቃል ከግእዝ የወረስነው ነው። በቅዱሳት መጻሕፍትም ኖኅ የመርከቡን መስኮት ከፍቶ ቍራን እንደ ላከ፥ ነቢዩ ዳንኤልም በባቢሎን ሳለ ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር የተከፈተ መስኮት ባለበት ክፍል ይጸልይ እንደ ነበረ ተጽፏል። ቃሉ ብቻ ሳይሆን ሥራውም በአገራችን ጥንታዊ መሆኑን የአክሱም ሐውልቶች ይመሰክራሉ። ከሐውልቶቹ ትልልቆቹ በባለ ብዙ ፎቅ ቤት አምሳል የተጠረቡ ናቸው፤ ከግርጌያቸው በር፥ ከበሩም በላይ በየደርቡ ረድፍ ረድፍ መስኮት ተቀርጾባቸዋል። ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ የወሰዱት፥ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው የቆመው 24 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሐውልት ከእነዚህ አንዱ ነው። ጠራቢዎቹ በድንጋይ ላይ ያስቀመጡት በዘመናቸው በእንጨትና በድንጋይ ይሠራ የነበረውን ቤት መልክ ነው። በግድግዳው ላይ ክብ ሆነው የወጡት የእንጨት ጫፎች፥ ሊቃውንት የዝንጀሮ ራስ የሚሏቸው፥ በሐውልቱ ላይ ሳይቀሩ ተቀርጸዋል።

ይህ ጥበብ ከአክሱም መንግሥት ጋር አልጠፋም። በደብረ ዳሞ ገዳም፥ በላስታም በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የእንጨቱ መቃንና ጉበን፥ በመካከሉም እንደ ጥልፍ የተፈለፈለው ፍርግርግ እስከ ዛሬ ይታያል። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ የላይኛው ረድፍ መስኮቶች ሹል ቅስት ያላቸው ሲሆኑ፥ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ግን በአክሱም ሥርዓት ለመልክ ብቻ የተቀረጹ እንጂ ክፍት አይደሉም። በቤተ ማርያም ደግሞ መስኮቶቹ በልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ ተፈልፍለዋል። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር ባሠሩት ግንብ መስኮቱ ክብ ቅስት ያለው ሆኖ፥ ቅስቱም መልኩ በቀላ ድንጋይ የተዋበ ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ጠራቢና አናጢ የመስኮትን ሥራ ከውጭ አገር ሰው የተማረ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን የነበረ ነው። ተራው ሕዝብ የሚኖርበት ጎጆ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት አልነበረውም። አንዳንድ የውጭ አገር ተጓዦች ይህን አይተው ሕዝቡ ብርሃንና አየር የማይወድ አድርገው ጽፈዋል። ነገሩን በማስተዋል የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ምክንያት ያገኛል። የደጋው ሌሊት ብርዱ ብርቱ ነው፤ ከብትም ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድር ነበር፤ ሌባና አውሬም ያሰጋል፤ የቤት ገመናም ለመንገደኛ እንዲታይ ማንም አይፈልግም። ከሁሉም በላይ ጎጆው ያለ መስኮት የሚተነፍስበት መንገድ ነበረው። ክዳኑ ሣር ስለ ሆነ የምድጃው ጭስ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል፤ በሚወጣበትም ጊዜ እንጨቱንና ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቃል። በእርግጥ ጭሱ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ደረት መጉዳቱ አልቀረም። ቢሆንም አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ፈጽሞ አልታጣም ነበር። አድማጮች ይህን ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ የከተማችን የመስኮት ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነውና።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ስትቈረቈር የመጀመሪያዎቹ መኖሪያዎች ድንኳንና ጎጆ ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ መጣ። ቶሎ የሚያድገውና ቀጥ ያለው እንጨቱ ማገርና ቋሚ ሆኖ ባለ አራት ማዕዘን የጭቃ ቤት በየስፍራው እንዲበዛ አደረገ። የሕንድና የአርመን የእጅ ባለሙያዎችም በረንዳ ያለው፥ መስኮቱ ሁለት ተከፋች የሆነና ጠርዙ በተፈለፈለ ጣውላ ያጌጠ ቤት ለመኳንንቱና ለነጋዴው ይሠሩ ጀመር። በሐረር የሕንድ ነጋዴ አሠራው የሚባለው፥ ዛሬ የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጠራው ሕንፃ ባለ ቀለም መስታወቱ ከዚህ ዓይነት ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባም የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሥራ ሲጀምር ትልልቅ መስኮትና በእንጨት የተሠራ ሰገነት ለከተማው ሕዝብ አሳየ። ይህ ታሪካዊ ሕንፃ በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ክፉኛ በእሳት መጐዳቱ የሚያሳዝን ነው። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ፥ ምስማር፥ ማጠፊያና መስታወት በብዛት ለመምጣት መንገድ አገኙ።

ቆርቆሮው ከሁሉ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። እሳትን ከሣር ይልቅ ይከላከላል፤ በየዓመቱ ማደስ አያስፈልገውም፤ ለባለቤቱም ክብር ይሰጠዋል። ከቆርቆሮው በታች አቡጀዲ ተወጥሮ ኮርኒስ ተደረገ፤ ግድግዳውም ነፋስ እንዳያስገባ በጭቃ ተመርጎ በጋዜጣ ተለጠፈ። በዚህ ጊዜ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ሣሩ ሲነሣ የቤቱ መተንፈሻ አብሮ ተነሣ። ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ መስኮቱ መረከብ ሲገባው፥ መስኮቱ እንደ ጎጆው ዘመን ጠቦ ቀረ፤ ወይም ጨርሶ ሳይወጣለት ቀረ። ባለጠጋው በረንዳና ሰፊ መስኮት ሲያሠራ፥ ብዙው ሕዝብ ግን ከላይ በቆርቆሮ፥ ከጎን በምርጊት ታሽጎ መኖር ጀመረ።

ይህ ሁኔታ እጅግ ጠንክሮ የሚታየው በመርካቶና በአካባቢው ነው፤ ምክንያቱም ከሠፈሩ አመሠራረት የመጣ ነው። ከጠላት ወረራ በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋን ከያዙ በኋላ ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉ መሐንዲሶች ባወጡት ፕላን የነጭና የአገር ተወላጅ መኖሪያ እንዲለይ ተወሰነ። በዚሁ አሳብ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ የአገር ተወላጆች ገበያ የሚል የኢጣልያንኛ ስም ተሰጠው፤ መርካቶ የሚለውም መጠሪያ ከዚያ የቀረ ነው። አጠገቡም አዲስ ከተማ ተብሎ በቀጥተኛ መንገዶች ተከፋፍሎ የተሸነሸነው ሠፈር ተሠራ። መንገዱ ቀጥ ማለቱ ባልከፋ፤ ነገር ግን መሬቱ በመጠን የተከፈለው ብዙ ሰው በጥቂት ስፍራ ለማስፈር ነበር።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ገበያው እየሰፋ ሄደ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ነጋዴ ከፊት ሱቅ፥ ከኋላ መኖሪያ ያለውን ቤት ሠራ። እህል በረንዳና ጎጃም በረንዳ የሚባሉት ስሞች በረንዳ ለንግድ ምን ያህል ያገለግል እንደ ነበረ ያስታውሱናል። የሱቁ ፊት መሬቱ ውድ ስለ ሆነ በሩ ራሱ መስኮትም መደብርም ሆነ፤ ቀን ሲከፈት ቤቱ ብርሃን ያገኛል፥ ማታ ሲዘጋ ይጨልማል። የጎኑ ግድግዳ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው፤ የኋላውም ቢሆን ሌላ ክፍል ተቀጥሎበት፥ በዚያም ላይ ሌላ ክፍል ተቀጥሎበታል። ስለዚህ በመካከል የቀረው ክፍል መስኮት የሚያወጣበት ግድግዳ የለውም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ ኪራዩ ለድኻው ረከሰ፤ ይህም ትልቅ እፎይታ ነበር። በሌላ ወገን ግን ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጥተው፥ ገቢው ለእድሳት የማይበቃ ሆነ። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ መስኮት ለመክፈት ወይ ፈቃድ፥ ወይ ገንዘብ፥ ወይ ድፍረት አጣ። በዚህ ምክንያት አንድ ትውልድ ያለ መስኮት በተሠራ ክፍል ተወልዶ በዚያው አደገ።

የሰው መስኮት በሕግና በገንዘብ ምክንያት መዘጋቱ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በመስኮት ቍጥር ግብር ይከፈል ነበር። በፈረንሳይም ከ1798 እስከ 1926 የበርና የመስኮት ግብር ነበረ። አሳቡ ብዙ መስኮት ያለው ሰው ባለጠጋ ነው ከሚል የመነጨ ነበር። ውጤቱ ግን የቤት ባለቤቶች ግብር ለመቀነስ መስኮታቸውን በጡብ እንዲደፍኑ አደረገ፤ በተለይ ብዙ ድኻ በአንድ ሕንፃ የሚከራይበት ስፍራ ጨለማና እርጥበት በዛበት። ሐኪሞች አጥብቀው ከተከራከሩ በኋላ ነው እንግሊዞች ግብሩን ያነሡት። ከዚህ የምንማረው አንድ ሕግ ወይም አንድ ፕላን ስለ መስኮት አንዲት ቃል ሳይናገር እንኳ የብዙ ሰው መስኮት ሊዘጋ እንደሚችል ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማችንን በመታ ጊዜ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር የሚታጠነው ለዚያ መታሰቢያ ነው። ያ በሽታና ከእርሱም በፊት በኋላም የነበረው የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ የሚተላለፉ ናቸው። በእንጦጦ ግርጌ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የዚህ የሳንባ በሽታ ማከሚያ ሆኖ መኖሩን የከተማችን ሰው ያውቃል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በታተመ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በ8 ሆስፒታሎች የሚገኙ 70 ክፍሎች ተመርምረው ነበር። መስኮትና በራቸው በተከፈተ ጊዜ አየራቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 28 ጊዜ ሲለወጥ፥ በመኪና አየር በሚገባላቸው ክፍሎች የሚለወጠው 12 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የበለጡትም ጣራቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑት አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ነበሩ። ሰባት ነፍስ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ሠፈር ይህ ቍጥር ምን ትርጉም እንዳለው ለአድማጮች ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለቤታችን መስኮት ስንመርጥ ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ። የክፈፉን ዓይነትና የመስታወቱን ቀለም ከመጠየቅ በፊት ስፍራው፥ ልኩና አከፋፈቱ ይወሰን።

ስለ ስፍራው፦ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፥ ፀሐይ በቀትር ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀረው ወራት ግን በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቤቱን የምታሞቀው በደቡብ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ናት። የምሥራቅ መስኮት የማለዳ ፀሐይ ስለሚሰጥ ለመኝታ ክፍል ይስማማል። የምዕራብ መስኮት ግን የከሰዓት በኋላውን ትኵሳት ያስገባልና ጠበብ ቢል ወይም ጥላ ቢኖረው መልካም ነው። ፊቱን በሙሉ መስታወት ለማድረግ የሚሻ ሰው ይህን ቢያስብ፥ በኋላ መጋረጃ ዘግቶ በመብራት ከመቀመጥ ይድናል።

ስለ ልኩ፦ በብዙ አገር የተለመደው መጠን መስኮቱ ከወለሉ ስፋት ከዐሥር አንዱን ያህል እንዲሆን፥ ከዚያም እኩሌታው የሚከፈት እንዲሆን ነው። ወርዱ 3፥ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 12 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ወርዱ 1 ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ መስኮት ይበቃዋል። በተቻለ መጠን ግን በአንድ ግድግዳ ላይ ካለ አንድ ትልቅ መስኮት ይልቅ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መካከለኛ መስኮቶች ይሻላሉ፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣልና። ሁለተኛ ግድግዳ የታጣ እንደ ሆነ ከበሩ በላይ ወይም ከጣራው ሥር የምትወጣ ትንሽ መተንፈሻ የሞቀውን አየር ታስወጣለች። ይህች ቀዳዳ የድሮው ሣር ክዳን ይሠራው የነበረውን ሥራ ትሠራለች።

ስለ አከፋፈቱ፦ በማጠፊያ የሚከፈተው ተከፋች መስኮት ሙሉ ስፋቱን ይሰጣል። ተንሸራታቹ ስፍራ አይዝም፥ ነገር ግን የሚከፈተው እኩሌታው ብቻ ነው። የማይከፈት መስታወት ብርሃን እንጂ አየር አይሰጥም። ከእንጨት የተሠራ ክፈፍ በደንብ የደረቀ ካልሆነ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። የብረት ክፈፍ ጠንካራ ሲሆን በየጊዜው ቀለም ካልተቀባ ይዝጋል። አሉሚኒየም አይዝግም፥ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሦስቱም እንደ አቅም የሚመረጡ ናቸው እንጂ አንዱ ብቻ ሥልጡን፥ ሌላው ኋላ ቀር ተብሎ የሚነቀፍ አይደለም።

ስለ ብረት ፍርግርግም አንድ ቃል እንጨምር። ሌባን መከላከል ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁሉም መስኮት በማይከፈት ብረት የታጠረ እንደ ሆነ እሳት በተነሣ ጊዜ ቤቱ ለባለቤቱ እስር ቤት ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ታላቅ ቃጠሎ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አይመለከተውም። ከፍርግርጎቹ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቍልፉም ሕፃናት ሳይቀሩ በሚያውቁት ስፍራ ይኑር።

በመጨረሻም ይህ ንግግር ለቤት ባለቤት ብቻ የተነገረ አይደለም። ከአድማጮቻችን ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ ፕላን የምታጸድቁ፥ የግንባታ ፈቃድ የምትሰጡ፥ የመንግሥት ቤት የምታከራዩና የምታሳድሱ ናችሁ። በጠረጴዛችሁ ላይ በሚቀርበው ወረቀት መስኮት ማለት ግድግዳውን የሚያቋርጥ አንድ ትንሽ መስመር ነው። ያ መስመር በጎረቤት ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ቢሆን፥ በውስጡ የሚያድር አንድ ቤተ ሰብ ለብዙ ዓመት ያለ አየር ይኖራል። አንድ አሮጌ ተከራይ በጀርባ ግድግዳው ላይ ሁለት ክንድ መስኮት ላውጣ ብሎ ማመልከቻ ሲያቀርብም ጉዳዩን ከሌላው ወረቀት በታች ከማስቀመጥ በፊት ስፍራውን ሄዶ ማየት ይገባል።

ቤቱን ለመመርመር የሚሻ ሰው ባለሙያ ሳይጠራ የሚያደርገው ቀላል ፈተና አለ። በቀትር ሰዓት በሩን ዘግቶ፥ መብራቱን አጥፍቶ፥ ከመስኮቱ ርቆ ባለው ጥግ ተቀምጦ ጋዜጣ ያንብብ። ፊደሉ ከታየውና ሳይታፈን አንድ ገጽ ከጨረሰ መስኮቱ ሥራውን ይሠራል። ካልታየው ግን ለሚመጣው በዓል አዲስ መጋረጃ ለመግዛት ያሰበውን ገንዘብ ለአናጢው ቢሰጥ ለልጆቹ ጤና ይበጃል።